ፕላኔቴስን ይዤ ስዞር

ማንጋ የምንወድ ሰዎች ስንገናኝ ወሬው የት የት እንደሚሄድ አስቀድሜ አውቀዋለሁ። ናሩቶ ይነሳል፤ ዋን ፒስ መቼ ነው የሚያልቀው ይባላል፤ የአታክ ኦን ታይታን መጨረሻ ልክ ነበር አልነበረም በሚለው ላይ ሁለት ጎራ ይለይና ማኪያቶው ይቀዘቅዛል። ከዚያ አንዱ ቪንላንድ ሳጋን ሲያነሳ የሁሉም ድምፅ ይለዝባል። ባለታሪኩን ቶርፊንን የማይወድ የማንጋ አንባቢ እስካሁን አላጋጠመኝም። እኔም የምጠብቀው ይህችን ደቂቃ ነው። «ይሄን የሠራው ሰው ከዚያ በፊት ምን እንደሠራ ታውቃላችሁ?» ብዬ እጠይቃለሁ። አንዳንዱ ስሙን ሰምቶታል። ያነበበው ግን የለም።

ማኮቶ ዩኪሙራ ቪንላንድ ሳጋን እ.ኤ.አ. በ2005 ከመጀመሩ በፊት፣ ገና በሃያዎቹ ዕድሜው ሳለ፣ ፕላኔቴስ የሚባል የሳይንስ ልብወለድ ማንጋ ሠርቶ ነበር። የበኩር ሥራው ነው። ኮዳንሻ በሚያሳትመው ሞርኒንግ በተባለው ሳምንታዊ መጽሔት ላይ ከ1999 እስከ 2004 ወጥቶ በ4 ጥራዝ ተጠቃለለ። አራት ብቻ! መቶ ምናምን ጥራዝ ለሚከታተል ሰው ይህ የአንድ ቅዳሜና እሑድ ንባብ ነው። በ2002 ሴይዩን የሚባለውን የጃፓን የሳይንስ ልብወለድ ሽልማት ወሰደ። ሳንራይዝ ስቱዲዮ በጎሮ ታኒጉቺ አዘጋጅነት ባለ 26 ክፍል አኒሜ አደረገው፤ እሱም በተራው በ2005 ያንኑ ሽልማት አገኘ። በጃፓን የተከበረ ሥራ ነው ማለት ነው። እኛ ጋ ሲደርስ ግን ወይ አይታወቅም፣ ወይ «እስቲ አየዋለሁ» ተብሎ ይረሳል።

የሚረሳበት ምክንያት ይገባኛል። ፕላኔቴስ ውስጥ ሰይፍ የለም። ከሌላ ዓለም የመጣ ፍጡር የለም። ዓለምን ሊያጠፋ የተነሳ፣ በመጨረሻው ጥራዝ የሚሸነፍ ክፉ ሰውም የለም። ዋናዎቹ ባለታሪኮች ቆሻሻ ለቃሚዎች ናቸው። ዘመኑ 2070ዎቹ ነው፤ ሰው ጨረቃ ላይ ከተማ ሠርቷል፣ ወደ ሌሎች ፕላኔቶች መጓዝ ጀምሯል፤ በዚህ ሁሉ መሀል ደግሞ አገልግሎታቸውን የጨረሱ ሳተላይቶች፣ የሮኬት ቁርጥራጮች፣ የወላለቁ ብሎኖች ምድርን እየዞሩ ናቸው። እነዚያን አንድ በአንድ እየያዘ የሚሰበስብ ሰው ያስፈልጋል። ሥራው አደገኛ ነው፤ ክብርም ገንዘብም ያን ያህል የለውም። ሃቺማኪ፣ ዩሪ እና ፊ ቶይ ቦክስ በምትባል ያረጀች መንኮራኩር የሚሠሩት ይህንን ነው።

እኔ መጀመሪያ ያነበብኩት በስልክ ነው፤ ስዕሉን እያጎላሁ፣ እያሳነስኩ። እንዲህ የተወደደ ነገር በስልክ ብቻ መቅረት የለበትም፣ ለሰው የማውሰው በእጅ የሚያዝ መጽሐፍ ያስፈልገኛል አልኩ። በእንግሊዝኛ በሁለት ወፍራም መጽሐፍ ታትሟል። ሜሪላንድ ያለችው የአክስቴ ልጅ ገዛችልኝና ለበዓል ከምትመጣ ዘመዳችን ጋር ላከችው። ሻንጣው ግን ከዘመዳችን ጋር አብሮ አልደረሰም። አየር መንገዱ ሌላ አገር ልኮት ኖሮ እኛ ጋ የደረሰው በዓሉ ካለፈ በኋላ ነው፤ ሲከፈት ደግሞ ከጫማው፣ ከቫይታሚኑና ከሕፃን ልብሱ መሀል የፀጉር ቅባት ፈንድቷል። አንደኛው መጽሐፍ በአንድ ጎኑ ቅባቱን ጠጥቶ ገጾቹ እርስ በርስ ተጣብቀዋል። ዘመዳችን አዝና «የኔ እናት፣ ሌላ ትገዛልሽ» አለችኝ። ሌላ አልፈለግሁም። ማታ ማታ ቁጭ ብዬ በጠረጴዛ ቢላ ጀርባ ገጾቹን አንድ በአንድ አላቀቅኳቸው።

የተጣበቁት ስለ ጨረቃዋ ልጅ የሚናገሩት ገጾች ነበሩ። ሃቺማኪ እግሩ ተሰብሮ ጨረቃ ላይ ባለ ሆስፒታል ተኝቷል። እዚያ ኖኖ ከምትባል ለግላጋ፣ ከሱ የማታንስ ረጅም ሴት ጋር ይተዋወቃል። ዕድሜዋን ሲሰማ ክው ይላል፤ ገና 12 ዓመቷ ነው። ጨረቃ ላይ ተወልዳ ያደገች ናት፤ የጨረቃ ስበት የምድርን አንድ ስድስተኛ ስለሆነ ሰውነቷ ያለ ልጓም ወደ ላይ አድጓል። ምድር ብትመጣ ክብደቷን መሸከም አትችልም። በዚያው ሆስፒታል ሮላንድ የሚባል አንጋፋ ጠፈርተኛ አለ፤ ዕድሜውን በጠፈር ጨረር ውስጥ አሳልፎ ካንሰር የያዘው። ወደ ምድር ተመለስ ይሉታል፤ እሱ ግን ቤቴ የቱ ነው በሚለው ጥያቄ ተይዟል። መጨረሻውን አልነግራችሁም። ልነግራችሁ የምፈልገው ደራሲው ሁለቱን ጎን ለጎን ማስቀመጡን ነው። አንዷ ምድር ላይ ልትኖር የማትችል፣ ሌላው ምድር ላይ መሞት የማይፈልግ። አንድም ጥቅስ የሚመስል ንግግር ሳያናግራቸው ጥያቄውን ለአንባቢው ይተውለታል። ዩኪሙራ ይህን ሲጽፍ ወጣት ነበር፤ ከየት አመጣው እያልኩ እስከ ዛሬ እደነቃለሁ።

መጽሐፉ ከዳነ በኋላ ጓደኞቼን በአንድ ጊዜ ለማሳመን አኒሜውን አብረን እንይ አልኩ። አንዷ ጓደኛችን ቤት ተሰባሰብን። ክረምት ነበር፤ ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድበዋል፤ ፈንዲሻ ፈንድቷል፤ የጎረቤት ልጆችም ጭምር ገብተው ምንጣፉ ላይ ተደርድረዋል። የመክፈቻውን አደጋ ታውቁታላችሁ? አታውቁትም፤ ልንገራችሁ። በጠፈር ጠርዝ የሚበር የመንገደኞች መንኮራኩር አለ። ዩሪ ከሚስቱ ጋር ተሳፍሯል። ሚስቱ ኮምፓስ ከእጇ አትለይም። ከውጭ፣ ከዚያ ሁሉ ጨለማ ውስጥ፣ አንዲት ብሎን እየተሽከረከረች ትመጣለች። የምታክለው አንድ ጣት ነው። ወደ መስኮቱ ትቀርባለች፣ ትቀርባለች… እዚህ ላይ መብራት ሄደ።

ሰፈሩ በሙሉ ጠፋ። ላፕቶፑ ባትሪ አልነበረውም፤ በሶኬት ብቻ ነበር የሚሠራው። ትንንሾቹ ልጆች ጮኹ። «መታቻት? መታቻት?» ይላሉ። መብራቱ እስኪመጣ አንቺ ንገሪን አሉኝና ሻማ ተለኩሶ መናገር ጀመርኩ። ለአፍ የሚመቸው የፊ ታሪክ ስለሆነ ወደሱ ገባሁ። ፊ ካርማይክል ጥቁር አሜሪካዊት ናት፤ የቶይ ቦክስ ነጂ፣ ባለትዳር፣ የልጅ እናት፣ ሱሰኛ አጫሽ። በጠፈር አየር እንደ ልብ አይገኝምና ሲጋራ በየቦታው አይጨስም፤ ለዚያ የተለየ ክፍል አለ። ታዲያ የጠፈር መከላከያ ግንባር የሚባል ቡድን፣ ሰው ጠፈርን እያበላሸ ነው፣ ይውጣ የሚል፣ ያንኑ የማጨሻ ክፍል በቦምብ ያፈነዳዋል። ፊ ሌላ ቦታ ትሄዳለች፤ እዚያም አይሆንላትም። ሲጋራዋ በከንፈሯ፣ እሳቱ በእጇ፣ ማጨስ ግን አልቻለችም። ልጆቹ በዚህ በጣም ሳቁ። ከዚያ ታሪኩ ፊቱን ያዞራል። ግንባሩ አንድ ሳተላይት ከጠፈር ጣቢያ ጋር ሊያላትም ነው። ቢሳካለት የሚመጣው አደጋ የአንድ ጣቢያ ብቻ አይሆንም፤ ከግጭቱ የሚወጣው ስብርባሪ ሌሎች ሳተላይቶችን ይመታል፣ የነዚያ ስብርባሪ ሌሎችን፣ እንዲህ እያለ ምድር ዙሪያዋን በፍርስራሽ ትታጠራለች። ማንም መውጣት አይችልም። ፊ ቶይ ቦክስን ይዛ ከፊት ለፊቱ ትገባለች።

ይህ የደራሲው ፈጠራ ብቻ እንዳይመስላችሁ። ዶናልድ ኬስለር እና በርተን ኮር-ፓሌ የተባሉ የናሳ ሳይንቲስቶች እንዲህ ያለ የተያያዘ ግጭት ሊመጣ እንደሚችል እ.ኤ.አ. በ1978 ጽፈዋል፤ ዛሬም ኬስለር ሲንድሮም እየተባለ ይጠራል። ማንጋው ካለቀ በኋላ ደግሞ ዓለም ማንጋውን የቀዳ የሚያስመስል ነገር ተከታተለ። በጥር 2007 ቻይና የራሷን አሮጌ ሳተላይት በሚሳይል መትታ ከ3,000 በላይ ክትትል የሚደረግባቸው ስብርባሪዎች በተነች። በየካቲት 2009 ደግሞ ኢሪዲየም 33 የተባለ የአሜሪካ የመገናኛ ሳተላይትና ኮስሞስ 2251 የተባለ፣ ሥራ ያቆመ የሩሲያ ሳተላይት ከሳይቤሪያ በላይ ተላተሙ። ሁለት ሙሉ ሳተላይት በስህተት ሲጋጭ የመጀመሪያው ነበር።

ተናግሬ ስጨርስ ከልጆቹ አንዱ፣ የስምንተኛ ክፍል ተማሪ ይመስለኛል፣ «ግንባሮቹ እኮ ልክ ናቸው» አለ። «ሰው ባይሄድ ቆሻሻ አይኖርም።» ጓደኛዬ «ሳተላይት ባይኖር አንተስ በምን ኳስ ታያለህ?» አለችው። ክርክሩ ተጋጋለ። አንዱ የኛኑ አነሳ፤ ሳተላይታችን ኢቲአርኤስኤስ-1 ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. ከቻይና ታይዩዋን ጣቢያ ስትመጥቅ ያለቀስን ሰዎች አለን። ሰባ ኪሎ ገደማ የምትመዝን፣ እርሻችንንና አየራችንን እንድታይ የላክናት። እሷን የሚጠላ አልተገኘም። «ታዲያ ስትሞት ማን ያነሳታል?» አለ ልጁ። መልስ የሰጠው የለም። መብራቱም አልመጣም፤ ክርክሩ ግን በዝናቡ ላይ እየተጮኸ እስከ እራት ሰዓት ዘለቀ። ፕላኔቴስ የሚገባውን ያህል የተወራበት ምሽት ያ ነው፤ ያውም ምስሉን ሳናየው። ደራሲው ራሱ የግንባሩን ሐሳብ በፌዝ አያልፈውም። ቦምቡን ያወግዛል፤ ጥያቄውን ግን እስከ መጨረሻው ጥራዝ ይዞት ይሄዳል።

ከዚያ በኋላ ነው መጽሐፉ የጠፋው። የተዋሰችኝ ጓደኛዬ ከመገናኛ አራት ኪሎ ስትሄድ ሚኒባስ ውስጥ እያነበበች፣ ወራጅ ብላ ስትጣደፍ ወንበር ላይ ቀርቷል። ደውላ ስትነግረኝ ድምፅዋ ይንቀጠቀጥ ነበር። መገናኛ ሄደን ተራ አስከባሪዎቹን ጠየቅን። ታርጋ አላየችም፤ የምታስታውሰው የኋላ መስታወቱ ላይ የአርሰናል ዓርማ መለጠፉን ብቻ ነው። የአርሰናል ዓርማ የለጠፈ ሚኒባስ መገናኛ ላይ መፈለግ ምን ማለት እንደሆነ የአዲስ አበባ ሰው ያውቀዋል። ቢሆንም ተራ አስከባሪዎች የማያውቁት መኪና የለም። ከመኪና ወደ መኪና፣ ከረዳት ወደ ረዳት እየተጠያየቁ «ፍሪሲዮኑ ተበላሽቶ ጋራዥ ገብቷል» አሉን፤ ቦታውንም አሳዩን።

ጋራዡ በቆርቆሮ የታጠረ ነው። ሚኒባሱ ሆዱ ተከፍቶ ቆሟል። መካኒኩ፣ ሃምሳ የዘለለ፣ ቱታው ከግሪስ የተነሳ ቀለሙ የጠፋ ሰው፣ የምሳ ሰዓቱ ሆኖ ጎማ ላይ ተቀምጧል። ጭኑ ላይ ጋዜጣ ዘርግቶ፣ ከጋዜጣው ላይ የኔን መጽሐፍ አስቀምጦ፣ በሁለት ጣቱ ጫፍ ብቻ እየያዘ ገጽ ይገልጣል። መኪናውን ሲያጥብ ያገኘው ረዳቱ ነው። መጽሐፉ የኛ መሆኑን ስንነግረው ተነሳና እጁን በጨርቅ ጠርጎ «እህቴ፣ ይቅርታ፣ ትንሽ ግሪስ ነክቶታል» አለኝ። የመጀመሪያው ምዕራፍ ላይ፣ ብሎኗ በተሳለችበት ገጽ ጠርዝ፣ የአውራ ጣቱ አሻራ አለ። አሁንም አለ።

«ጋሼ፣ ምንም አይደለም፤ ገባዎት?» አልኩት።

«እንግሊዝኛው አይገባኝም። ይቺ ግን ገብታኛለች» ብሎ ብሎኗን ጠቆመኝ። ከዚያ ከወተት ጣሳ ውስጥ ብሎኖቹን አንኳኩቶ አንዷን መረጠና ስዕሉ አጠገብ አስቀመጣት። ልክ ነች። በመዳፉ እየመዘናት «ይቺ ናት ሰው የገደለችው? እንዴት አድርጋ?» አለኝ።

ስለዚህ ነገር እንዲህ በትክክል የጠየቀኝ ሰው አልነበረም። ነገርኩት። ምድርን በቅርብ የሚዞር ነገር በሰከንድ 8 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሄዳል፤ በዚያ ፍጥነት ከአዲስ አበባ አዳማ 13 ሰከንድ አይሞላም። ሁለት ነገር ፊት ለፊት ወይም በጎን ሲገናኝ ፍጥነቱ ከዚያም ይብሳል። 10 ግራም የምትመዝን ብሎን በሰከንድ 10 ኪሎ ሜትር እየበረረች ስትመታ የሚወጣው ጉልበት፣ ሁለት ቶን የሚመዝን ሚኒባስ በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር ሲነዳ ከያዘው ጋር እኩል ነው። ቻሌንጀር የተባለችው መንኮራኩር እ.ኤ.አ. በ1983 ስትበር መስታወቷን የጎረደው ከአንድ ቦታ የተላጠ የቀለም ቅንጣት ነበር። ቀለም! ከ10 ሴንቲ ሜትር የሚበልጠው ቁርጥራጭ ዛሬ በአሥር ሺዎች ይቆጠራል፤ ከ1 እስከ 10 ሴንቲ ሜትር የሆነው አንድ ሚሊዮን ገደማ እንደሚደርስ ይገመታል። በ1958 አሜሪካኖች ያመጠቋት ሳተላይት ቫንጋርድ 1 ዛሬም ከላያችን ትዞራለች፤ ሬዲዮዋ ዝም ካለ ስንት ዘመን ሆኖታል።

መካኒኩ ሚኒባሱን አየ፣ ብሎኗን አየ። «ይወድቃል አይደል ግን? ወደ ታች?» አለኝ። ይወድቃል፤ ዝቅ ያለው በዓመታት፣ ከፍ ያለው በዘመናት። አብዛኛው አየር ውስጥ ሲገባ ይቃጠላል፤ አንዳንዱ ግን አይቃጠልም። በመጋቢት 2024 ከዓለም አቀፉ የጠፈር ጣቢያ የተጣለ ብረት ፍሎሪዳ፣ ኔፕልስ ከተማ ውስጥ የአንድ ሰው ቤት ጣሪያ በስቶ ገብቷል። በዚያው ዓመት ታኅሣሥ ማብቂያ ላይ ደግሞ እዚሁ ጎረቤታችን ኬንያ፣ ማኩዌኒ ውስጥ ሙኩኩ በሚባል መንደር ወርዱ 2 ሜትር ተኩል የሆነ፣ 500 ኪሎ ገደማ የሚመዝን የብረት ቀለበት ከሰማይ ወርዷል። ማንንም አልገደለም። ይህን ስናገር ተለማማጆቹ ምሳቸውን ትተው ከብበውናል።

«እኔ ስፈታ እደረድራለሁ፣ ስገጥም እቆጥራለሁ» አለ መካኒኩ። «አንድ ከተረፈኝ መኪናው ከዚህ አይወጣም። ባለቤቱ ይጩኽ፣ አይወጣም።» ተለማማጆቹ ሳቁ፤ የሚያውቁት ነገር ነው። ከዚያ ዞር ብሎ «እና ለነዚህ ለለቃሚዎቹ ማን ነው የሚከፍላቸው?» አለኝ።

እዚህ ጥያቄ ላይ ለመድረስ አንዳንድ አንባቢ ሙሉውን ሥራ ይጨርሳል። ፕላኔቴስ የተገነባው በሱ ላይ ነው። ታላላቆቹ መንኮራኩሮች ይበራሉ፣ የሚያበሩት ይጨበጨብላቸዋል፤ መንገዱ ንጹሕ የሆነው ግን ሦስት ሰዎች አሮጌ መንኮራኩር ውስጥ ስላደሩ ነው። ዩኪሙራ ለነዚህ ሦስት ሰዎች ያልሰጣቸው ነገር የለም። ፍርሃት፣ ሱስ፣ ሐዘን፣ ቤተሰብ፣ ቀን በቀን የሚሠራ እጅ ሰጥቷቸዋል። ዩሪ ለምን ይህን ሥራ እንደመረጠ የሥራ ባልደረቦቹ አያውቁም፤ ዝም ብሎ የሚሠራ ሰው ነው። በዚያ ሁሉ ባዶ ውስጥ የሚፈልገው በአደጋው የሞተችው ሚስቱ የያዘችውን ኮምፓስ ነው። የመጀመሪያው ምዕራፍ ብቻውን ቢታተም ኖሮ እንኳ የትም ቦታ እከራከርለት ነበር። ከኮምፓሱ ላይ ምን እንደተጻፈ ለመካኒኩ ተርጉሜ ስነግረው መጽሐፉን ዘጋና ጥቂት ቆይቶ ሥራው ጋ ተመለሰ። መጽሐፉን ይዤው አልሄድኩም። ጓደኛዬም «ይቆይ እሱ ጋ» አለች።

ልታነቡት ለምታስቡ የምለው አለኝ። ከማንጋው ጀምሩ። አኒሜው ድንቅ ነው፤ ግን ሌላ ሥራ ነው። በአኒሜው ታናቤ የምትባለው ባልደረባቸው ከመጀመሪያው ክፍል ጀምራ አለች፤ በማንጋው የምትመጣው ዘግይታ ነው፣ ሃቺማኪ ወደ ጁፒተር ለሚሄደው ቮን ብራውን ለሚባለው መንኮራኩር ሲዘጋጅ በሱ ቦታ የምትተካ ሆና። ይህ ለውጥ የሁለቱን ግንኙነት ሚዛን ይቀይረዋል። አኒሜው በበኩሉ ማንጋው ውስጥ የሌለ ነገር ጨምሯል፤ ኤል ታኒካ ከምትባል፣ በጦርነት ከተጎዳች ድሃ አገር የመጣ መሐንዲስ በእጁ የሠራውን የጠፈር ልብስ ይዞ የሚመጣበት ክፍል። እሱን ያየ አፍሪካዊ ከወንበሩ ቶሎ አይነሳም። እኔ ሁለት ጊዜ አይቼው ሁለቱንም ጊዜ ስልኬን አጥፍቼ ቆይቻለሁ።

መሀል ላይ ሃቺማኪ ይከፋባችኋል። የራሱን መንኮራኩር የማግኘት ሕልሙ ሰው የማያስጠጋ ያደርገዋል፤ ይጮኻል፣ ይገፋል፣ ማንም አያስፈልገኝም ይላል። ብዙ ሰው መጽሐፉን የሚያስቀምጠው እዚህ ነው። አታስቀምጡት። ያ መክረር የታሰበበት ነው። ብቻውን በጠፈር ልብስ ውስጥ፣ ድምፅም ብርሃንም በሌለበት ሆኖ የሚሸበርበትን ምዕራፍ ያነበበ ሰው የት ሊያደርሰው እንደፈለገ ይገባዋል። የማይጥመኝም አለ። የታናቤ የፍቅር ንግግር አንዳንድ ቦታ ላይ ከስዕሉ በላይ ይጮኻል፤ ስዕሉ ያለቀለትን ነገር ቃል መድገም አልነበረበትም። የመጨረሻው ጥራዝም ከአንዱ ሰው ወደ ሌላው ሲዘል ክሩ ይላላል። ይህን የምለው ከመጽሐፉ ጋር ስለኖርኩ ነው፤ የምወደውን ነገር እንከኑን ደብቄ ለሰው አልሰጥም።

ከሁሉ በላይ ልንነጋገርበት የምፈልገው ሎክስሚዝን ነው። ቨርነር ሎክስሚዝ የጁፒተሩ ጉዞ ኃላፊ ነው። ጨረቃ ላይ የሚሞከረው ሞተር ይፈነዳና ብዙ ሰው ያልቃል። እሱ ጋዜጠኞች ፊት ቆሞ አያለቅስም። ከአደጋው በቂ መረጃ አግኝተናል፣ ቀጣዩ አይከሽፍም ይላል። ከመንኮራኩር በቀር የሚወደው የለም፤ ይህንንም አይደብቅም። መጽሐፉ አይቀጣውም። ብዙ አንባቢ የሚናደደው በዚህ ነው፤ እኔም እናደዳለሁ።

ሁለተኛውን መጽሐፍ ጋራዡ ወስጄለት፣ መካኒኩ በምሳ ሰዓት እያስተረጎመኝ ቆይተናል። ሎክስሚዝ ላይ ስንደርስ ተለማማጆቹ በአንድ ድምፅ «ይታሰር!» አሉ። መካኒኩ ግን ኪያቬውን እያገላበጠ አሰበበት።

«እኔ ጋ አልቀጥረውም» አለ። «ልጅ አላስተምረውም፤ ሰው ቢሞትበት አይደነግጥማ። ግን መኪናህን ማን ይሥራልህ ብትዪኝ፣ ለሱ ነው የምሰጠው።»

«ጋሼ፣ እንዴት?» አልኩት።

«ሁለተኛ አይሳሳታታ።»

አልተስማማሁም። እሱ ላይ የሞቱት ሰዎች የመጀመሪያው ስህተት ውስጥ ነበሩ፤ መቁጠር የነበረበት ያኔ ነው፣ እርስዎ ራስዎ አንድ ብሎን ከተረፈ መኪናው አይወጣም ብለውኝ የለ ብዬ ተከራከርኩት። ተለማማጆቹ እኔ ጋ ሆኑ። እሱ ደግሞ ጋራዥና ጁፒተር አንድ አይደለም፣ እዚያ የሚቆጥርልሽ ሰው የለም፣ ሞተሩ ራሱ ነው የሚነግርሽ አለኝ። ሁለታችንም አልተረታንም። እናንተም አንብቡትና ከማን ጋር እንደሆናችሁ ንገሩኝ።